የቡና ችግኜ እየወደቀ ነው፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ሰላም የጅማ ቡና አብቃዮች። ከ500 ፍሬ የበቀለው 200 አይሞላም። የበቀለውም ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል እየጠቆረና እየቀጠነ ይወድቃል። አፈሩ 3 እጅ የደን አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽ ነው፤ ዘሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገብቶ፣ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች ነው። ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል፣ አፈሩን የሸፈንኩበት ጉዝጓዝም ከበቀለ በኋላ አልተነሳም። አወዳደቁ ከእርጥበት ብዛት የሚመጣው ሻጋታ ይመስለኛል። ያልበቀለውስ ዘሩ 8 ወር ስለቆየ ይሆን? ቤተሰቡ ሁሉ «እጅህ ለችግኝ አይሆንም» ይላል፤ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ። የተረፈውን ለማዳን ውኃውን በ2 ቀን አንዴ ላድርገው? ለጥላ ከላይ የሠራሁትን ዳስስ ምን ያህል ላሳሳው? ወይስ እስከ ጥቅምት ጠብቄ፣ ከቀይ ፍሬ አዲስ ዘር ለይቼ እንደገና ልጀምር?