ክርክር፦ ንግድ ፈቃድ ለማደስ የሠራተኛ ጉዳት መድን ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የአቃቂ አነስተኛ አምራቾች፣ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ ወይም ብሎኬት ማምረቻ ያለው ሰው ፈቃዱን ሲያድስ ለሠራተኞቹ የሥራ ላይ ጉዳት መድን መግባቱን እንዲያሳይ ይገደድ?

ባለ ብሎኬቱ፦ እኔ በፍጹም አልስማማም። ሲሚንቶው አለ፣ ኪራዩ አለ፣ ግብሩ አለ። አብዛኞቹ ሠራተኞቼ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ እኔ ጋ የዋለው ነገ ሌላ ሳይት ይሄዳል። የማንን ስም ነው የማስመዘግበው? ይሄ ሌላ ዕዳ መጫን ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ዕዳውማ አሁንም አንተው ላይ ነው ያለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ ሰክሮ ሥራ ከገባ፣ ያኔ ሌላ ነው። «የጽሑፍ ውል የለንም» ማለትም አያድንም። የቃል ውልም ውል ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በወር 6,000 ብር የምትከፍለው ልጅ ተጎድቶ ዓመት ተኛ እንበል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ቀሪዎቹን 6 ወራት 50 በመቶ ትከፍላለህ። 49,500 ብር ማለት ነው። ሕክምናው ደግሞ ለብቻው ነው። ጡረታ ውስጥ ያልታቀፈ ሆኖ ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው የ5 ዓመት ደመወዙን ትከፍላለህ። 360,000 ብር! ይሄን ከየት ታመጣዋለህ? ማሽኑን ሸጠህ ነው።

ባለ ጋራዡ፦ እኔ የጡረታውን 11 በመቶ በየወሩ እከፍላለሁ። ለምን ሁለቴ እከፍላለሁ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጥሩ አድርገሃል፣ ብዙዎቻችን እሱንም አንከፍልም። ግን ጡረታው የሚይዘው ዘላቂ ጉዳትንና ሞትን ነው። የሆስፒታሉ ሒሳብና ልጁ ተኝቶ የሚከፈለው ደመወዝ አንተው ላይ ይቀራል። ያንን የሚሸፍነው መድን ነው።

የብየዳ ሠራተኛ፦ እኔም ልናገር። ወፍራም ላሜራ ስንቆርጥ ያስቸግራል ተብሎ የግራይንደሩ መከላከያ ተፈትቶ ነበር። ዲስኩ ፈነዳ። ሁለት ጣቴን ወሰደው። አሠሪዬ ክፉ ሰው አይደለም። ራሱ ተሸክሞ ክሊኒክ ወሰደኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሒሳብ ከፈለ። ከዚያ ብሩ አለቀበት መሰለኝ፣ ስልክ ማንሳት ተወ። አልከሰስኩትም። ከስሼስ ምን ሊከፍለኝ? ስለዚህ ግዴታ ይሁን እላለሁ።

ባለ እንጨት ቤቷ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔን የሚያሳስበኝ የመድን ድርጅቶቹ ነገር ነው። ሲያስገቡን ፈጣኖች ናቸው፣ ካሳ ላይ ግን ይህን ወረቀት አምጡ፣ ያንን አምጡ ነው። ግዴታ ከሆነ እነሱም በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ይገደዱ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ባጃጅ እንኳ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ አይወጣም። መጋዝ ፊት የሚቆም ሰው ለምን ያንሳል? ግን አከፋፈሉ እኛን ያገናዘበ ይሁን። አንድ ሼድ ውስጥ ያለን ሰዎች በጋራ ብንገባ፣ ክፍያውም በየሩብ ዓመቱ ቢሆን ይቻላል።

ባለ ብሎኬቱ፦ የቀን ሠራተኛውን ነገር ግን አልመለሽልኝም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ልክ ነህ፣ ዘልዬው ነበር። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምንከፍለው ብር፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በዓመቱ የደመወዝ ድምርና በሥራው አደገኛነት ነው። ማን ስንት ቀን እንደሠራ፣ ስንት እንደተከፈለው በየቀኑ መዝግብ። ጉዳት ሲደርስም ልጁ ያን ቀን አንተ ጋ እንደነበረ የሚያሳየው ያው መዝገብ ነው።

ባለ ብሎኬቱ፦ መዝገቡን እይዛለሁ። በሩብ ዓመት ከሆነም ዋጋ እጠይቃለሁ። መድኑን ካልከፈልክ ፈቃድህ አይታደስም ከተባለ ግን አሁንም አልስማማም። አንድ ሩብ ዓመት ሥራ ከቀዘቀዘብኝ ፈቃዴም ሊሄድ ነው፣ ልጆቹም ሥራ ሊያጡ ነው።