መጀመሪያ እንግጠም፣ ከዚያ እንቀባ፦ ለትራክ ሞተሮቻችን ሽፋን የጋራ ዕቅድ

ሐሳብ አቅራቢ፣ አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት፣ በእሽቅድምድም ሜዳ (ትራክ) ለምንነዳቸው ሞተር ሳይክሎቻችን ሽፋን የማዘዙንና የመቀባቱን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ባለፈው ጸደይ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ትራክ ስንወጣ ስድስት ሞተር ይዘን ነበር። አምስቱ ከፋብሪካ የመጡበትን የመንገድ ፕላስቲክ ሽፋን እንደለበሱ ነው የገቡት። ወንድማችን የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲንሸራተት ሁላችንም አይተናል። እሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነስቶ በእግሩ ሄደ። ሞተሩ ግን የቀኝ ጎኑን ፕላስቲክ፣ የፊት መብራቱንና ሽፋኑን የሚይዘውን ማቀፊያ አጣ። ወጪውን አብረን ደመርነው። በዚያ ገንዘብ ሙሉ የፋይበር ግላስ ሽፋን ይገዛ ነበር፤ የፊቱ፣ የሆዱ፣ የኋላው።

በመጪው ጸደይ ቪ.አይ.አር. (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ) ትራክ ለመውጣት አስበናል። አንድ ዙሩ 3.27 ማይል፣ 17 መታጠፊያ። እዚያ የመንገድ ፕላስቲክ ይዞ መግባት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። አምስቱን ሽፋን አብረን እንዘዝ። መሣሪያውን ከማኅበሩ ካዝና እንግዛ። አንድ ቅዳሜ እኔ ጋራዥ ተሰብስበን ቀብተን እንጨርስ። እሁድ እያንዳንዱ ቤቱ ወስዶ ይገጥማል። እስቲ ተወያዩበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ተባረክ። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መግጠም መጀመሪያ፣ መቀባት መጨረሻ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ቀለምና ስቱኮ አውቃለሁ። ይሄን ግን የተማርኩት እዚህ አገር በራሴ ሞተር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እያሸሁ ቀባሁ። እንደ መስታወት ሆነ። ልገጥመው ስል የሆዱ ሽፋን ከፊቱ ጋር አንድ ጣት ያህል አልገናኝ አለ። መሞረድ ግድ ሆነ። ቀለሙ ከጠርዙ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ዛሬም ሳየው ይቆጨኛል።

ፋይበር እንደ ፋብሪካ ፕላስቲክ በልኩ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የቡሎኑ ቀዳዳ እንኳን የለውም፤ ራሳችሁ ናችሁ የምትበሱት። የት እንደምትበሱ ለማወቅ የማቀፊያው ጫፍ ላይ ትንሽ ሊፒስቲክ ቀቡና ሽፋኑን ጫን አድርጉት። ምልክቱ ከውስጥ ይቀራል። ያልተቀባ ነጭ ፋይበር ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ ከውስጥ የእጅ ባትሪ አብሩበት፤ የማቀፊያው ጥላ ከውጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከተቀባ በኋላ ግን ይሄ የለም።

ስትበሱ ቦታው ላይ የቀለም ቴፕ ለጥፉ። ትራፓኖውን በ3 ሚሊ ጀምሩ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አስፉት። ለ6 ሚሊ ቡሎን 8 ሚሊ ቀዳዳ፣ በመሃል የጎማ ሮንዴላ። ፋይበር አይተጣጠፍም። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ የሞተሩ ንዝረት ይሰነጥቀዋል። ሁሉም ቡሎን ገብቶ እስኪያልቅ አንዱንም አታጥብቁ። በጣት ብቻ።

ሐሳብ አቅራቢ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ ባይነገረን አምስታችንም አንድ ዓይነት ስህተት ልንሠራ ነበር። ረቂቁን ቀይሬዋለሁ፤ መጀመሪያ የመግጠሚያ ቅዳሜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመቀቢያ ቅዳሜ።

ከስፕሪንግፊልድ፦

እኔ ነርስ ነኝ፤ የምጽፈውም እንደ ነርስ ነው። ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ባለ ማጠንከሪያ ክሊር፣ ቱኬ የምትሉት፣ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ጭሱ አስም ሊያስይዝ ይችላል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂቷም ትበቃለች። የኮቪድ ጊዜ ጭንብል ምንም አያደርግለትም። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ፎቅ ላይ ልጆች ይተኛሉ። እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አይቻለሁ። የቲነር ጭስና የጋዝ እሳት በአንድ ክፍል? በፍጹም። ይሄ ካልተስተካከለ ድምፄን አልሰጥም።

ገንዘብ ያዥ፦

እህቴ ልክ ነሽ። ታዲያ ክሊሩን ለምን አንተወውም? የትራክ ሽፋን ነው፣ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ወጪውም ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ካዝናው አምስት ሽፋን አይችልም። ሽፋኑን እያንዳንዱ በኪሱ ይግዛ፣ ማኅበሩ የጋራ ዕቃውን ይቻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

መተዉ አያዋጣም። ክሊር የሌለው ቤዝ፣ ማለት ዋናው ቀለም፣ ላይ ቤንዚን ጠብ ካለ ይለሰልሳል፣ በጨርቅ ስትጠርገው አብሮ ይነሳል። ማጠንከሪያ የሌለው የቆርቆሮ ክሊርም ያው ነው። የማውቀው ሰው የመኪና ቀለም ቤት አለው፤ አየር የሚስብ ክፍልና ንጹሕ አየር የሚሰጥ ጭንብል አለው። አምስቱንም በአንድ ከሰዓት ክሊር ሊመታልን ፈቃደኛ ነው። ማሸቱን፣ ከቀለሙ ሥር የሚገባውን ፕራይመርና ቀለሙን እኛ እንሥራ።

አንድ ነገር ብቻ። ቤዝ ከተቀባ 24 ሰዓት ካለፈው ክሊሩ በደንብ አይዘውም፤ እንደገና ማሸት ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት ቀብተን፣ ከሰዓት ማድረስ አለብን።

ከላውረል፦

የመጀመሪያዬ ስለሆነ ያነበብኩትንና የሞከርኩትን ልጨምር። ፋይበሩ ከቅርጹ ሲወጣ ሰም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በቅባት ማስለቀቂያ ካልታጠበ ቀለሙ ዓሣ ዓይን የሚባለውን ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ከዚያ በ320 ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በስቱኮ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በመጨረሻ በ600 በውሃ። በውሃ የምለው የፋይበሩ ብናኝ ሳንባ ስለሚገባና ገላን ለቀናት ስለሚያሳክክ ነው።

ጊዜውን ደግሞ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ብናደርገውስ? የቨርጂኒያ ነሐሴ እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። መስከረም ውስጥ 20 ዲግሪ አካባቢ እናገኛለን። የደመራውን ሳምንት ግን እንለፈው።

ስለ ቀለሙም፣ የፈለግነውን እንቀባ፣ ግን ሁላችንም የሆዱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመር ብናደርግ ደስ ይለኛል። አባቴ የመጀመሪያውን ሞተሬን ያየ ቀን «ምልክት የለውም እንዴ?» ብሎኝ ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

መስመሩን እኔ በነፃ እሠራላችኋለሁ፣ ልጄ። ቴፑን መሳብ ደስታዬ ነው።

ሐሳብ አቅራቢ፦

የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው። ሽፋኑን እያንዳንዱ አባል ይገዛል፤ ትእዛዙ ግን በአንድ ላይ ይላካል። ማኅበሩ ትራፓኖ ቢት፣ ሮንዴላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመርና ለአምስቱም ባለ ካርትሪጅ (ባለ ማጣሪያ) ጭንብል ይገዛል። የሆዱ ሽፋን ዘይት የሚይዝ፣ ያልተቀደደ እንዲሆን፤ ወደ ውድድር የሚገባ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ለማርሚታው ቅርብ የሆነው ጎን ከውስጥ የአሉሚኒየም ሙቀት መከላከያ ይለጠፍበታል።

የመግጠሚያው ቅዳሜ እኔ ቤት። ማንም ከመሄዱ በፊት መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞራል፤ አውራ ጣት ሽፋኑን ከነካ እንደገና ይሞረዳል። ሌላ ሰው የፊት ፍሬኑን ይዞ ሹካውን ይጫናል፤ ፓራፋንጎው ምንም መንካት የለበትም።

መቀባቱ ጋራዥ ውስጥ አይሆንም። በፍሬድሪክስበርግ መንገድ ያለው የወንድማችን እርሻ ላይ ክፍት መጋዘን አለ፤ ማሞቂያም ልጆችም የሉበትም። ጠዋት ቤዝ ሦስት ስስ ንብር፣ በየመሃሉ ሩብ ሰዓት። ከሰዓት ወደ ቀለም ቤቱ። የክሊሩን ወጪ ለአምስት እንካፈላለን። ድምፅ እስከ እሁድ ማታ።

ከስፕሪንግፊልድ፦

አሁን እስማማለሁ። ጭንብሉን እንድለካላችሁ መግጠሚያው ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ። ጺም ያላችሁ ተላጭታችሁ ኑ፤ ጺም ካለ ጭንብሉ ፊት ላይ አይገጥምም።