ሮተርዳም ያለ ቀረጥ የገባው ሸሚዛችን ማንቸስተር ሲደርስ ለምን ቀረጥ ተጠየቀበት?

ጠያቂ፦ የኮምቦልቻ ስፌት
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በ14 የስፌት መኪና የምንሠራ አነስተኛ ማኅበር ነን። የወጪ ንግድ ሰነዱን የምይዘው እኔ ነኝ። ሮተርዳም ላለ ደንበኛችን 600 የጥጥ ሸሚዝ ልከን ያለ ቀረጥ ገባለት። እርሱ ደግሞ 200ውን ማንቸስተር ላለ ሱቅ አሳልፎ ሸጠ። የእንግሊዝ ጉምሩክ ግን የዋጋውን 12 በመቶ ቀረጥ ጠየቀ። ባለ ሱቁ «ስህተቱ የእናንተ ሰነድ ነው፤ ከሚቀጥለው ሂሳባችሁ ይቀነሳል» ብሎ ጻፈልን። አንገትጌው ሥር «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ምልክት ሰፍተናል፤ የሥሪት ሀገር መግለጫውም ተያይዟል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መኪኖቻችንን ሁሉ አጥተን ከባዶ የተነሣን ሰዎች ነን፤ 12 በመቶ ለእኛ የወር ደመወዝ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው? ሁለተኛው ጭነት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይወጣል።

ፒያሳ ደሴ
አብሽሪ እህቴ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ብትወጣም በመካከላቸው ከቀረጥ ነፃ ስምምነት አለ። ዕቃው ሆላንድ ከገባ የሆላንድ ነው፤ ይግባኝ በሉ።

ሚሌ መንገድ
ፒያሳ ደሴ፣ በቅንነት እንደ መለስህ አምናለሁ፤ ይህ ምክር ግን ያከስራታል። ትራንዚተር ነኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከቆዳ ላኪዎችም ሰምቼዋለሁ። ስምምነቱ ቀረጥ የሚያስቀረው በኅብረቱ አገሮች ወይም በብሪታንያ ለተመረተ ዕቃ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የተሰፋ ሸሚዝ ሮተርዳም መጋዘን ስለገባ የሆላንድ ምርት አይሆንም። ለሁለቱም ወገን የኢትዮጵያ ሸሚዝ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ ከሁለቱም ዘንድ የየራሱ መብት አላት። ኅብረቱ «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚለው ሥርዓት ያለ ቀረጥ ያስገባናል። ብሪታንያ የራሷን የታዳጊ አገሮች ሥርዓት እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2023 ጀምራለች፤ በእርሱም ሸሚዛችን ከቀረጥና ከኮታ ነፃ ነው። አንዱ በር ላይ የተጠቀማችሁበት መብት ሌላውን በር አይከፍትም። የእናንተ ሸሚዝ ሆላንድ ላይ የጉምሩክ ሥርዓቱን ጨርሶ ገበያ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር የኢትዮጵያ መብቱ በመንገድ ቀረ። ስለዚህ ሰነዳችሁ አልተበላሸም፤ የተበላሸው የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። ያንን የወሰነው ደንበኛችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ለባለ ሱቁ ይህንኑ ጻፉለት፤ ቅነሳውን አትቀበሉ።

ጦሳ ግርጌ
ዓመታቱን ለማያስታውስ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፦ ብሪታንያ ከኅብረቱ ለመውጣት ሕዝበ ውሳኔ ያደረገችው ሰኔ 2016፣ የወጣችው ጥር 31 ቀን 2020 ነው። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ ግን የሽግግር ጊዜ ስለነበር ሮተርዳም የገባ ዕቃ ማንቸስተር ድረስ ያለ ጥያቄ ይሄድ ነበር። ብዙ የሆላንድ ነጋዴ አሁንም በዚያ ልማድ ይሠራል። ግንቦት 2025 ለንደን ላይ ሁለቱ ወገኖች ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማምተዋል፤ ሆኖም ብሪታንያ ወደ ጉምሩክ ኅብረቱ አልተመለሰችም። ያንን ተስፋ አድርጋችሁ ጭነት አታዘግዩ።

ቦርከና ማዶ
እህቴ፣ ለሁለተኛው ጭነት ይህን አድርጊ። የእንግሊዙን ካርቶን ከአሁኑ ለይተሽ የራሱን ኢንቮይስ ሥሪለት፤ የሥሪት ሀገር መግለጫውም ብሪታንያ በምትቀበለው ቃል እዚያው ላይ ይጻፍ። የሚበልጠው ከጅቡቲ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ወደብ መላክ ነው። ብዛቱ ለብቻው ካላዋጣችሁ በሮተርዳም ይለፍ፤ ግን በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይቆይ፣ ሆላንድ ገበያ ገብቷል ተብሎ አይመዝገብ። እንደዚያ ሆኖ ሳይነካካ ከተሻገረ መብቱ አይጠፋም። ደንበኛችሁ ይህን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ፤ የስልክ ቃል አይበቃም።

የኮምቦልቻ ስፌት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደረቴ ቀለለኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጨርቁ ከህንድ የመጣ ነው፤ ይህ መብቱን ያሳጣናል? ደንበኛችን ቤልፋስትም ገዢ አለኝ ይላል።

ሚሌ መንገድ
ጨርቁ አያሳጣችሁም። እንደ እኛ እጅግ ባላደጉት አገሮች ተርታ ላለ አገር ሁለቱም ሥርዓቶች ከውጭ በመጣ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋውን ልብስ የኢትዮጵያ ነው ይላሉ። የጨርቁን ግዢና የመቁረጫ መዝገባችሁን ግን ጠብቁ፤ ሲጠየቅ ማስረጃው እርሱ ነው።

ቤልፋስት ለየት ይላል። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ አካል ብትሆንም በዕቃ ረገድ የኅብረቱን ደንብ ትከተላለች። ሆላንድ ገበያ የገባው ሸሚዝ ያለ አዲስ ቀረጥ እዚያ ይደርሳል። የቤልፋስቱን ከሮተርዳሙ ጋር ላኩት፤ የማንቸስተሩን ለዩት።

የኮምቦልቻ ስፌት
ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካርቶኖቹን ለየን። በእንግሊዙ ላይ ልጆቹ በቀይ ቀለም «ማንቸስተር፣ ሆላንድ አይራገፍ» ብለው ጽፈውበታል። ለባለ ሱቁም ደብዳቤው ሄዷል፤ መልሱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።