ወላጅን መጦር በሕግ ሊታዘዝ ይገባል?

የፒያሳው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻቸው ደኅና ኑሮ እየኖሩ እርሳቸው ግን ጧሪ ያጡ የአንድ አባት ጉዳይ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮ ነበር። ከፊሉ ሰው ልጆቹ ተከስሰው ተቆራጭ ያድርጉላቸው ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ በክስ የመጣ ገንዘብ ለሽማግሌ ውርደት እንጂ መጦር አይደለም ብሎ ተቃወመ። የሌሎችን አገሮች ሁኔታ ለማወቅ ጥቂት ሳነብ፣ ታላላቆችን በማክበር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣ የእስያ አገሮች ነገሩን ለልጅ ኅሊና ብቻ እንዳልተዉት ተረዳሁ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የተሻሻለ ሕግ፣ ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን አዘውትረው እንዲጠይቁ ደንግጋለች፤ በዚያው ዕለት የዉሺ ከተማ ፍርድ ቤት የአንዲት የ77 ዓመት እናት ልጅ ቢያንስ በየሁለት ወሩ አንድ ጊዜ እናቷን እንድትጠይቅ ወስኗል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው ሕግ ደግሞ፣ እንዲጦረኝ ብሎ ንብረቱን ለልጁ ያስተላለፈ አረጋዊ ልጁ ግዴታውን ካልተወጣ ዝውውሩን እንዲያሰርዝ ይፈቅዳል፤ ወላጁን ሜዳ ላይ የጣለም እስከ 3 ወር ሊታሰር ይችላል።

ፍርድ ቤት አዝዞት የሚመጣ ልጅ ወላጁን አከበረ ይባላል? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ይጠቅማል ወይስ የቀረችውን ይሉኝታ ጭምር ያጠፋታል?

ጠበቃው

ጠያቂያችን «ቢኖር» ብለው የጠቀሱት ሕግ አለ፤ አዲስም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል፤ ብዙዎቹ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ጠያቂው መቸገሩንና ሠርቶ ማደር አለመቻሉን ማስረዳት አለበት፤ መጠኑም በእርሱ ችግርና በሰጪው አቅም ልክ ይወሰናል። ሕጋችን ስለ ምግብ፣ ስለ መጠለያ፣ ስለ ልብስና ስለ ሕክምና ይናገራል እንጂ፣ እንደ ቻይናው ሄዶ ስለ መጠየቅ የሚለው ነገር የለም።

እኔ በጥብቅና ሥራ ካየኋቸው የቀለብ ክሶች የሚበዙት እናቶች ለልጆቻቸው ማሳደጊያ በአባት ላይ ያቀረቧቸው ናቸው፤ ወላጅ በልጁ ላይ ያቀረበው እምብዛም አይገኝም። ይሉኝታ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ሁሉንም በእርሱ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም። ጉልበቱ የደከመ ሰው ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተመላለሰ የፍርድ ቤት ደጅ ሊጠና አይችልም፤ ልጁ ዱባይ ወይም ዳላስ ከሆነ ደግሞ ፍርዱን ማስፈጸም ሌላ መከራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ይሄዳል። የሽምግልና ኃይል ቀላል እንዳልሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ የጋሞ ተወላጆች ጭምር ከተገደሉበት ከቡራዩው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ሲመልሱ አይተናል። ያ ኃይል የሚሠራው ግን ወጣቱ ሽማግሌዎቹን በሚያውቅበትና በሚፈራበት ስፍራ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቱን እንኳ የማያውቀውን ልጅ ማን ሄዶ ይገሥጸዋል?

ሌላው ነገር ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የተቋቋመላቸው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ገበሬውና በራሱ ሥራ የሚያድረው ሰው በአብዛኛው ዛሬም ከዚህ ውጭ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጡረታቸው ልጃቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ የራሱን የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው የትኛው ዳኛ ምን ሊወስንበት ይችላል?

ከሙኒክ

የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ስለሆነ ከዚህ በኩል የማየውን ላካፍላችሁ። እኛ ዘንድ «ፈረንጅ ሽማግሌ አያከብርም» ማለት የተለመደ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ጀርመን በመራኄ መንግሥቱ በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ የእርጅና ጡረታን በሕግ ያቋቋመች አገር ናት፤ በ1995 ደግሞ ራሱን መርዳት ላቃተው ሰው የሚሆን የእንክብካቤ መድን ጨምራለች። ልጅ ለወላጁ የመክፈል ግዴታ በሕጉ ላይ አሁንም አለ፤ ነገር ግን ከ2020 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው ከ100,000 ዩሮ በታች የሆነ ልጅ ለወላጁ እንክብካቤ እንዲከፍል አይጠየቅም።

ይህ ማለት እሑድ እሑድ አበባ ይዞ የሚመጣው ልጅ ስለ ሒሳብ ለመከራከር አይመጣም ማለት ነው። የማይመጣም ሞልቷል፤ ይህን አልደብቅም። ልጁ የማይመጣለት ሰው ግን ምግቡን፣ መድኃኒቱንና ንጹሕ አንሶላውን አያጣም። እኛ ክፍሉ ሳንገባ በር እናንኳኳለን፤ «አንተ» ብሎ መጥራትም አይፈቀድልንም። የሚጎድለው ጊዜ ነው፤ ሌሊት በአንድ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሲመደብ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚያጫውት የለም። ስለዚህ ለጠያቂው የምሰጠው መልስ፣ ገንዘቡን ሕግ ቢይዘው አይከፋም፣ መጠየቁን ግን ሕግ ባይነካው ይሻላል የሚል ነው።

እኅታችሁ ከአዳማ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወላጅ ሁልጊዜ የተበደለ፣ ልጅ ሁልጊዜ በዳይ እንደሆነ አድርጎ የተጻፈ ይመስላል። ልጆቹን በሕፃንነታቸው ጥሎ ሄዶ፣ ሲያረጅና ሲደክም ብቻ አባትነቱ ትዝ የሚለው ሰው በየሰፈሩ አለ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው የወላጆች መጦሪያ ሕግ ይህን ያሰበበት ይመስለኛል። ራሱን ማስተዳደር ያቃተው 60 ዓመት የሞላው ወላጅ ለአንድ ልዩ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል፤ ጉባኤው ግን ወላጁ ልጁን ጥሎት ወይም ሲያሠቃየው የነበረ መሆኑን ካረጋገጠ፣ የሚከፈለውን ሊቀንስ ወይም ጥያቄውን ጨርሶ ውድቅ ሊያደርግ ይችላል። በኋላ በተደረገ ማሻሻያ ደግሞ ነገሩ ወደ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት ዕርቅ እንዲሞከር ተደርጓል፤ ይህ ለእኛም እንግዳ አይሆንብንም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ «እኛ እናከብራለን» በሚለው ቃል ውስጥ «እኛ» የተባለው ማን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። ወንዶቹ ልጆች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ጉልበት ይስማሉ፤ አልጋ ላይ የዋለችውን እናት የምታገላብጠው፣ የምታጥበውና የምታጎርሰው ግን ያላገባችው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ጃፓን ውስጥም የአማት ማስታመም በምራት ጫንቃ ላይ የወደቀ ነበር፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ የሚያዋጣበትን የእንክብካቤ መድን ስትጀምር አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ቤይሩት ውስጥ የአሠሪዋን እናት የምታስታምም የእኛ አገር ልጅም የራሷን እናት የምትጦረው በምትልከው ገንዘብ ብቻ ነው። ሕግ ከተባለ፣ ለምታስታምመው ሴት የዕረፍት ቀንና ክፍያ የሚሰጥ ሕግ ይቅደም ባይ ነኝ።

ከሜሪላንድ

በአጭሩ ልጨምር። አሜሪካም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ በበርካታ ግዛቶች ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲረዳ የሚያዝዙ የቆዩ ሕጎች አሉ። በፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ልጅ እናቱ የታከሙበትን የ93,000 ዶላር ያህል ዕዳ እንዲከፍል በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተወስኖበታል። ከሳሿ እናትየዋ ሳትሆን ያስታመማቸው ድርጅት ነበር። ሕጉ ሲወጣ ስለ ወላጅ ክብር ይወራል፤ ሲሠራበት ግን ማን እንደሚጠቀም ማየት ያስፈልጋል።

የፒያሳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሙኒክ ለጻፉልን ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ልጆቹ ካልከፈሉ ሙሉውን ወጪ መድኑ ይሸፍነዋል ማለት ነው?

ከሙኒክ

አይሸፍነውም። መድኑ የሚከፍለው ከፊሉን ነው፤ የቀረው ከአረጋዊው ጡረታና ቁጠባ ይሄዳል፤ ያ ሲያልቅ የመንግሥት የማኅበራዊ ድጋፍ መሥሪያ ቤት ይረከባል። የትዳር ጓደኛ የማይኖርበት ቤት ካላቸው እርሱም ሊሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ልጅ በቀጥታ ባይከፍልም ውርሱ ሲመናመን ያያል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች ወላጃቸውን ወደ መኖሪያ ቤት ከማስገባት ይልቅ ከፖላንድ ወይም ከሩማንያ ሴት አስመጥተው በቤታቸው ያስቀምጣሉ፤ ዋጋው ይቀንሳልና። ከአዳማ የጻፉት እኅታችን ስለ ቤይሩቷ ልጅ ያነሡት ጉዳይ በእነዚህም ሴቶች ላይ ያው ነው፤ የሥራ ሰዓታቸውን የሚቆጣጠረው ሰው ደግሞ እምብዛም ነው።