ኤኒስ እንደር ወይስ ዱሊን? መኪና የለንም

በሴፕቴምበር መጨረሻ ከእናቴ ጋር ከለንደን ተነስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አየርላንድ እንሄዳለን። የደብሊን የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጠናል፤ ያለን አራት ሌሊት ነው። መኪና አልነዳም፤ እናቴም ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም።

የምንሄደው ለአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ነው። በምዕራብ አየርላንድ ባለው በክሌር አውራጃ ተጫዋቾቹ በመጠጥ ቤት ጥግ፣ ያለ መድረክና ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ኮንሰርቲናውን (አኮርዲዮን የሚመስል ትንሽ የእጅ መሣሪያ) ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጫማው ወለሉን እየመታ ሲጫወት በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ሌላ ጉዞ አላሰኘኝም። እናቴ ማሲንቆ እየሰማች ያደገች ናት፤ የእነሱን ቫዮሊን ስትሰማ የያዘችውን ሥራ ታቆማለች።

መጀመሪያ ከደብሊን የአንድ ቀን ጉብኝት ያዝኩ። እዚያው ክሌር ባሕር ዳር ያሉትን፣ እስከ 214 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የሞኸር ገደሎች ያሳያል፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ሙዚቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰረዝኩት። ቀጥሎ ክሌር ውስጥ ባለው ዱሊን መንደር ሁለት ሌሊት ክፍል ያዝኩ፤ ባለፈው ሳምንት አከራዩ ሰረዘብን። አሁን የማገኘው ከመጠጥ ቤቶቹ ሁለት ኪሎ ሜትር የራቀ ክፍል ብቻ ነው፤ በጨለማ ያን መንገድ እናቴ አትችለውም። እዚያው ክሌር ባለችው ኤኒስ ከተማ መሃል ግን ክፍል አለ፤ ወደ ገደሎቹም በቀን አውቶቡስ ይሄዳል።

አካባቢውን የምታውቁ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ኤኒስ ውስጥ እናቴ ተቀምጣ የምትሰማው እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይገኛል ወይስ በታክሲም ቢሆን ዱሊን ብናድር ይሻላል?