ነገ ጠዋት ጅማቴ ላይ መርፌ ልወጋ ነው፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጎሮ 10 ኪሎ (ጥቅምት 9፣ ማታ 1፡40)
ሰላም ቤተሰብ። በናታችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። ጅማቱ 4 ወር ሙሉ አልሻል አለኝ። ዛሬ ከአልጋ ወርጄ እግሬን መሬት ሳስነካ ጮህኩ። ግድግዳ ይዤ ነው ሽንት ቤት የደረስኩት። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል፤ ቢሮ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ስነሳ ያው ነው። ያላደረግኩት የለም። በረዶ ይዣለሁ፣ ዲክሎፌናክ ተቀብቻለሁ፣ ዲክሎፌናክ ውጫለሁ፣ ነሐሴን ሙሉ አርፌያለሁ። ለአዲስ ዓመት ደህና ነኝ ብዬ 5 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ በማግስቱ ወደ ዜሮ። አሁን ሐኪሙ «ኮርቲዞን እዚያው ላይ እንወጋሃለን፣ ቀለል ይልሃል» ብሎኛል። የታላቁ ሩጫን ቲሸርት ገዝቻለሁ፤ 5 ሳምንት ነው የቀረው። ልወጋ?

የሱሉልታው
የቱ ጅማት? ሰው አንድ ጅማት ብቻ ያለው አስመሰልከው እኮ።

ጎሮ 10 ኪሎ
ውይ ይቅርታ። ቀኝ እግሬ፣ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ወፍራሙ።

እሙ ጀሚላ
ጨው በሞቀ ውሃ። ማታ ማታ 20 ደቂቃ ንከረው።

ቲሸርት ፈላጊ
ሳይዙ ስንት ነው? ሚዲየም ከሆነ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ። እግርህን ግን እግዜር ይማርልህ።

ጋሽ ስፖርት
ልጄ፣ እሱ የአኪለስ ጅማት ይባላል። በሰውነት ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ስትሮጥ የክብደትህን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። በእኛ ጊዜ ጃን ሜዳ ሣር ላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነበር የምንሮጠው። የዛሬ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ ተጣብቆ ይውልና ቅዳሜ አስፋልት ላይ 15 ኪሎ ሜትር ይለቀዋል። ጅማት ድንገተኛ ነገር አይወድም። ኃይሌን ተመልከት። በፈረንጆቹ 2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ይኸው ጅማት እያስቸገረው ነው ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ 9 የቀደመው። ከዚያ ኦፕራሲዮን ሆነ። በ2001 ኤድመንተን ላይ በወጉ ሳይመለስ 3ኛ ወጣ። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡03፡59 ጨረሰ። ትዕግሥት ነው ልጄ።

የሱሉልታው
ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ልጁ ግን የጠየቀው ነገ ልወጋ ወይ ብሎ ነው።

ጋሽ ስፖርት
እሱን ሐኪም ይመልስ። እኔ ስለ ትዕግሥት ነው የተናገርኩት።

አቤል ቦሌ
ወጌሻ ጋ ሂድ በቃ። እኔ የማውቃቸው አንድ ሰውዬ አሉ፤ ትከሻዬን በ2 ቀን ነው የመለሱልኝ።

የሱሉልታው
የወለቀ ትከሻና የታመመ ጅማት አንድ ነው እንዴ?

ሳሚ ስታዲየም
እኔ የማውቀው ወጌሻ ሜዳ ውስጥ ውሃና ስፕሬይ ይዞ የሚሮጠውን ነው። እሱ ከነካህ ወዲያው ትነሳለህ፤ በተለይ ቡድንህ እየተመራ ከሆነ።

ፊዚዮ ባሕር ዳር
አቤል፣ ሰውዬው ለትከሻህ በጎ ሠርተው ይሆናል። የታመመ ጅማትን በኃይል ማሸትና መጎተት ግን ያባብሰዋል።
ጎሮ፣ እስቲ እነዚህን መልስልኝ። የሚያምህ ተረከዙ አጥንት ላይ ነው ወይስ ከዚያ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ? ሲጀምርህ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ነበር? አሁን ደግሞ አልጋ ላይ በሆድህ ተኛ፤ እግሮችህ ከአልጋው ጫፍ ይውጡ። አንድ ሰው ባትህን ጭምቅ ያድርግልህ። የእግርህ ጣቶች ያሉበት ክፍል ይንቀሳቀሳል? ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል መርፌውን ትተህ በቀጥታ አጥንት ሐኪም ጋ ነው።

ጎሮ 10 ኪሎ
እህቴ ጨመቀችልኝ። ይንቀሳቀሳል። እሷ ግን በሳቅ ልትሞት ነው። ድምፅ አልሰማሁም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ሕመሙ ከተረከዝ 4 ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ጋ ሽምብራ የምታህል እብጠት አለች፤ ቆንጠጥ ሳደርጋት ነፍሴ ትወጣለች።

እሙ ጀሚላ
ጨውና የሞቀ ውሃ። አትናቀው።

ፊዚዮ ባሕር ዳር
ያልከው ሁሉ ከመበጠስ ይልቅ የተጎሳቆለ ጅማት ነው የሚመስለው። ያ ቦታ ደም እንደ ሥጋ ስለማይደርሰው ነው የሚጓተተው። ዕረፍት ብቻውን አያድነውም። ስታርፍ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጅማቱ ግን ሸክም ይረሳል። ከዚያ ድንገት 5 ኪሎ ሜትር ጫንክበት።
ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርህ ፊተኛው ክፍል ቁም፤ መደገፊያ ያዝ። በሁለቱም እግር ተነሳ፤ ከዚያ በታመመው ብቻ ቀስ እያልክ ተረከዝህን ከደረጃው በታች አውርድ። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ ጉልበትህ ቀጥ ብሎ። ሌላ 3 ዙር ደግሞ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ። ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። ያምሃል፤ ሕመሙ ከ10 ነጥብ 5ን ካላለፈ ቻለው። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ ከትናንቷ ከባሰች ግን አብዝተሃል ማለት ነው፤ ቀንስ። ቤት ውስጥ በባዶ እግርህ ወይም በነጠላ ጫማ ሴራሚክ ላይ አትዙር። ተረከዙ ከፍ ያለ ስኒከር አድርግ።
አጥንቱ ላይ የሚያማችሁ ሌሎች ካላችሁ ይህን እንዳለ እንዳትገለብጡት። እናንተ ከደረጃ በታች አትውረዱ፤ ወለል ላይ ብቻ ሥሩት።

ስዊድን ያለሁት
የፊዚዮዋ እንቅስቃሴ የመጣው ከዚህ አገር ነው። ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል የአጥንት ሐኪም ነው በ1998 በ15 ሯጮች ላይ ሠርቶ ያሳተመው። የሚወራው ነገር አለ። የራሱ ጅማት አስቸግሮት ኦፕራሲዮን ይደረግልኝ ሲል አለቃው «ይህን ያህል አልታመምክም» ብሎ ይከለክለዋል። እሱ በንዴት እንዲበጠስ ብሎ ሆነ ብሎ ጫነበት ይባላል። እንዲበጠስ የፈለገው ጅማት ዳነ።

ሳሚ ስታዲየም
አለቃ ጠቅሞ የማውቀው እዚህ ታሪክ ላይ ብቻ ነው።

ዲሲ ሹፌር
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ላይ ራሱ ችግር አለ። 4 ወር ያልዳነን ነገር በ5 ሳምንት አድን እያልከን ነው። መርፌው ቢያደነዝዝልህና ሕመሙ ሳይሰማህ 10 ኪሎ ሜትር ብትሮጥበት ማን ነው የሚጎዳው?
እኔ 11 ወር ፈጅቶብኛል። እዚህ ታክሲ ነው የምነዳው፤ ነዳጅ የሚረግጠው ቀኝ እግር ነው፣ የታመመውም ቀኝ እግር። ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ጥርሴን ነክሼ ነበር። ኢንሹራንሱ ፊዚዮ 6 ጊዜ ብቻ ነው የፈቀደልኝ። ቀሪውን ቤት ጨረስኩት። መጀመሪያ ያለ ሸክም፤ ሲለምድ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት የልጄ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ቦርሳውን አዝዬ ደረጃ ላይ እወጣና እወርዳለሁ። ባለቤቴ እንጀራ ልትጋግር ስትል ዱቄቱን ከጀርባዬ ላይ ነበር የምትወስደው።

ጎሮ 10 ኪሎ
እሺ ገባኝ። ግን አንተ ውድድር አልነበረብህማ። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው የተመዘገብኩት፤ እንዴት ልቀር?

ዲሲ ሹፌር
ማን ቅር አለህ? እየሄድክ ግባ። ታላቁ ሩጫ ላይ ግማሹ ሰው እየጨፈረ ነው የሚሄደው።

ቲሸርት ፈላጊ
ኧረ እንዲቀር ተዉት። ጨዋታ ታበላሻላችሁ።

ሕይወት ፋርማሲ (ማታ 3፡25)
ይቅርታ፣ ተረኛ ሆኜ ዘግይቼ ገባሁ። ጎሮ፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት አንቲባዮቲክ ወስደህ ነበር?

ጎሮ 10 ኪሎ
ታይፎይድ ነው ተብዬ ሲፕሮ ወስጃለሁ። ሰኔ መጀመሪያ፣ 10 ቀን። እሱ ግን ለሆድ ነው እኮ፤ ከእግር ምን አገናኘው?

ሕይወት ፋርማሲ
ይገናኛል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ፣ ሌቮፍሎክሳሲንም ኖርፍሎክሳሲንም፣ ጅማት ሊያሳምሙ፣ አልፎ ሊያስበጥሱም ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚመቱት ይህንኑ የተረከዝ ጅማት ነው። በጀመርክ በቀናት ውስጥም ሊመጣ ይችላል፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም። አሜሪካኖቹ በ2008 ይህ ማስጠንቀቂያ በጥቁር ሳጥን ተከቦ መድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አዘዋል። ከኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል። ኮርቲዞን ብቻውንም ቢሆን እዚያ ጅማት ላይ ሲወጋ ያዳክመዋል ተብሎ ይፈራል።
ያንተ በሲፕሮ ነው ብዬ አልምልም። ብዙ ሰው ውጦት ምንም አይሆንም፤ ያንተ ከሩጫው ሊሆን ይችላል። ሐኪምህ ግን ያውቃል?

ጎሮ 10 ኪሎ
አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ማን ያስባል?

ሕይወት ፋርማሲ
እንግዲያው ነገ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥክ፣ መርፌው ሳይቀዳ፣ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ይሁን። ቀኑንም ንገረው። ወደፊትም አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልህ ጅማትህን ጥቀስ፤ ሌላ ምርጫ ካለ ይቀይሩልሃል።

አቤል ቦሌ
እንዴ! እኔ ሲፕሮ ለጉንፋን ሁሉ ነው የምውጠው።

ሕይወት ፋርማሲ
አቤል፣ አንተን ለብቻህ እፈልግሃለሁ።

እሙ ጀሚላ
ጨው የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። እኔ ይህን ብቻ ነው የምለው።

ጎሮ 10 ኪሎ (ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2፡15)
ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ለሐኪሙ የሲፕሮውን ነገር እነግረዋለሁ፤ ከዚያ እሱ የሚለውን እሰማለሁ። ጠዋት ደረጃው ላይ ያለችውን ሞክሬያት ነበር፤ 8ኛው ላይ አቆምኩ። እመለሳለሁ፣ እነግራችኋለሁ።

ፊዚዮ ባሕር ዳር
8 ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው። 15 ላይ ለመድረስ አትጣደፍ።

የሱሉልታው (ጥቅምት 14)
ጎሮ፣ ምን ተባልክ?

ጋሽ ስፖርት (ጥቅምት 21)
ልጁ ጠፋ እኮ። ልጄ፣ አለህ?

ቤዛ 22 (ኅዳር 2)
ሰላም፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ግራ እግሬን ነው፣ አጥንቱ ላይ፤ ጫማ ተረከዜን ሲነካው ያቃጥለኛል። ሲፕሮ አልወሰድኩም። ሯጭም አይደለሁም፤ የምኖረው 5ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆየ። ወለል ላይ ሥሩት የተባለው ለእኔ ነው አይደል?

ፊዚዮ ባሕር ዳር
ላንቺ ነው። ተረከዝሽ ከወለል በታች አይውረድ፤ ባት የሚወጥር እንቅስቃሴም ለጊዜው ተዪ። ጀርባው ጠንካራ የሆነ ጫማ አታድርጊ። ሊፍቱን በተመለከተ ፊዚዮ ምንም አያደርግም።

ዲሲ ሹፌር
ቤዛ፣ ደረጃ ስትወርጂ መደገፊያውን ያዢ፣ በታመመው በኩል አትቸኩዪ። እኔ ታች መውረዱ ነበር ከመውጣቱ የባሰብኝ።

ቲሸርት ፈላጊ (በታላቁ ሩጫ ማግስት)
ትናንት መስቀል አደባባይ ላይ ቀኝ እግሩን ቀስ እያለ የሚያሳርፍ አንድ ልጅ አየሁ። ከሰው ጋር እየሳቀ ነበር የሚሄደው። ጎሮ ብዬ ጠራሁት፤ ሦስት ሰው ዞረ።