ክራክ ጌም ሽያጭ ይገድላል ወይስ ድሮም ገዢ አልነበረም?

ሳቢያን_ጆይስቲክ፦
ድሬ ታይዋን ገበያ ሃርድ ዲስክ ይዞ የወረደ ሰው በአንድ ከሰዓት አሥር ክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን) ጌም አስጭኖ ይመለሳል። ሠሪዎቹ ደግሞ ኮፒውን ሁሉ ያልተሸጠ ዕቃ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ሒሳቡ ልክ ነው? አንድ ጌም ቤት በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢልስ እንዴት ያደርጋል?

ከዚራ_07፦
አቦ በብር አስላው። አዲስ ትልቅ ጌም 60 ወይ 70 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 60ው ወደ 3,400 ብር ይመጣል። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው ጌም 7,200 ሆነ፤ ሠሪው ሳንቲም ሳይጨምር። ብሩ ቢገኝ እንኳ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ቴሌብር አይቀበልም፣ ውጭ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ክራክ ቢጠፋ የድሬ ልጅ ወደ ኢፉትቦል፣ ወደ ኳስ ጌሙ፣ ይዞራል እንጂ አይገዛም። እሱ እንደሆነ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፃ ነው።

ባቡር_ጣቢያ፦
ለእኛ ልክ ነህ፣ ካርድ ኪሱ ውስጥ ላለው ሰው ግን አይሠራም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ዴኑቮ የሚባል የኮፒ መከላከያ ቁልፍ የተገጠመላቸውን 86 የስቲም ጌሞች አይቷል። ቁልፉ በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰበረ ገቢው 20 በመቶ ያህል ይወርዳል። ከ12 ሳምንት በኋላ ሲሰበር ጉዳቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው መታገስ ያቃተው ነው፣ እሱ ደግሞ ገዝቶ ጨርሷል። የአውሮፓ ኮሚሽን አስጠንቶ በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ጌም ላይ ሽያጭ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። እሱ ግን ሰው ጠይቆ የዓመቱን ነው ያየው፣ የመጀመሪያዋን ሳምንት አይደለም። ለማንኛውም፣ ሽያጭ ጎዳም አልጎዳም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል።

ገመድ_አልባ፦
ወደ መግዛቱ ልምጣ። ዳታ እንዳይበላህ ከስቲም የገዛኸውን ጌም አንድ ማሽን ላይ ብቻ አውርድ። ከዚያ "ስቲምአፕስ" የሚባለው የስቲም ፎልደር ውስጥ "ኮመን" የሚለው ውስጥ ያለውን የጌሙን ፎልደር ወደ ሌላው ማሽን እዚያው ቦታ ገልብጥና "ኢንስቶል" በል። ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥክ፣ ማለትም ኢንስቶሉን ካስቀደምክ፣ ከዜሮ ማውረድ ይጀምርና ዳታህ ያልቃል። ጂቲኤ 5 ሲወጣ 65 ጂቢ ነበር፤ በዩኤስቢ 2 (በሰከንድ 30 ሜጋባይት) 36 ደቂቃ፣ በዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ (100 ገደማ) 11 ደቂቃ ይፈጃል። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጂቢ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ መሃል ላይ ይቆማል። ኤክስፋት አድርገው፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አትርሳ።
የግል አካውንት ግን ቤት ለመጫወት እንጂ በሰዓት ለማከራየት አይፈቅድም። ለጌም ቤት ስቲም የካፌ ፈቃድ ለብቻው አለው።

ቀፊራ_ማታ፦
ክራኩም ቢሆን በነፃ አይደለም ወላሂ። "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ብሎ የሚጀምር ኢንስቶለር አንዳንዴ ክሪፕቶ ማይነር (በአንተ ማሽን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ይዞ ይገባል። ምልክቱ ጌም ሳይከፈት ፕሮሰሰሩ 80፣ 90 በመቶ መሥራቱ ነው፤ አንዳንዱ ታስክ ማናጀር ስትከፍት ዝም ይላል፣ ስትዘጋው ይቀጥላል። ሌላ አገር ቢሆን የፋኑ ጩኸት ያጋልጠው ነበር። ድሬ ላይ በሚያዝያ ያልጮኸ ፋን አለ እንዴ?